ጆሮ ያልሰማው አየር

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ስድብ አይደለም፤ ማዕረጉ ነው። መኪናው ገና የጋራዡን በር ሳያልፍ፣ እሱ እጁን ከሚጠርግበት ጨርቅ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሁለተኛው ካንዴላ አይሠራም» ይላል። ኮፈኑ ሲከፈት እውነትም ሁለተኛው ካንዴላ አይሠራም። ደንበኛው አፉን በእጁ ይይዛል። ወንድሜ ደግሞ ምንም እንዳልተደረገ ሰው ካቻቢቴውን ያነሳል። ያቺን ምንም ያልተደረገ የምታስመስል ፊቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ውስጥ ውስጡን በኩራት ሊፈነዳ ነው።

ይህን የምነግራችሁ እንድታደንቁት አይደለም። ተናድጄበት ነው። ነገሩ ካለፈ በኋላ እንኳ ሳነሳው ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል ታገሡኝ።

ሙያውን የወረሰው ከአባታችን ነው። አባባ መለኪያ የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ «ሞተር አፍ አለው፣ አንተ ጆሮ ይኑርህ» ይላል። ወንድሜን በልጅነቱ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ሞተር ፊት ያቆመዋል። አንዷን ቱቦ ነቅሎ አየር እንድትስብ ያደርግና «በየት በኩል ነው?» ይለዋል። እኔ ከጎን ቆሜ ስቁነጠነጥ ዓይኑ መታሰሩን እረሳና በጣቴ እጠቁምለታለሁ። አባባ በሳቅ ይፈርሳል። ወንድሜ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ ያዳምጥና ሄዶ ቱቦዋን ራሷን ይይዛታል። እኔን ማንም ዓይኔን አስሮ ጠይቆኝ አያውቅም። ሴት ናት ተብሎ ይሁን ትንሽ ናት ተብሎ፣ ዛሬም አላውቅም።

እንዲያ ሆኖ አደገ። አባባ ሲሞት ጋራዡን ተረከበ፣ ቅጽል ስሙንም እዚያው አገኘ። ቤት ውስጥ እንኳ ተቀምጦ ምሳ ሲበላ አንገቱ ወደ መንገዱ ዘንበል እንዳለ ነው፤ በውጭ የሚያልፈውን መኪና ያማል። የዚያ ፍሬን አልቋል፣ የዚያኛው ማርሚታ ተቀዷል፣ ያ ደግሞ ዘይት ሳይቀይር ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዳ መጥቶ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ እጁን ከፍ አድርጎ ዝም ያሰኘዋል፣ መንገድ ላይ የሚጮህ ሞተር ካለ። ሚስቱ በዚህ ጸባዩ ስትስቅበት ኖራለች። ባሏን ትወደዋለች፣ እሱን ማንም አይክድም፤ መዘዙም ከዚያው ፍቅር ነው የመጣው።

አንድ ልማዱን ደግሞ ያዙልኝ። ካርቡሬተር ማለት አየርና ቤንዚን ቀላቅላ ለሞተሩ የምታጎርሰው ዕቃ ናት። ከሞተሩ ጋር ስትታሰር በመሃላቸው ወፍራም ወረቀት የመሰለ ማሸጊያ ይገባል። ሌላው መካኒክ ካርቡሬተር ባወረደ ቁጥር ማሸጊያውን ይቀይራል። የኛ ቤት መካኒክ አይቀይርም። የድሮውን መልሶ ያስርና ሞተሩን አስነስቶ ጎንበስ ይላል። ቀዳዳ ካለ አየሩ ሲሳብ ያፏጫል፤ በጥርስ መሃል እንደሚወጣ ትንፋሽ ያለች ቀጭን ፉጨት። ካፏጨ ፈትቶ አዲስ ይቆርጣል። ካላፏጨ ታሽጓል፣ አለቀ። አባባም እንዲሁ ነበር፤ ያለ ምክንያት ዕቃ መቀየር ለሱ የሰነፍ ሥራ ነው።

እኔ ሾፌር ነኝ። የሰፈራችንን ልጆች ጧት ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። መኪናዬ ኋላዋ ሁለት ረድፍ ወንበር ያላት ሽንጣም የቤት መኪና ናት። ልጆቹ «አሮጊቷ» ይሏታል፤ ዕድሜዋን ለመጠየቅ የሚደፍር የለም። ከወንድሜ ጋራዥ ፊት ለፊት ኮምፒውተር እየሰካ መኪና የሚመረምር መካኒክ ከፍቷል። አንዴ አሮጊቷን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ኮምፒውተሩን የሚሰካበት ቢያጣ፣ ይቺ እኮ የምትናገረው የድሮ ቋንቋ ነው አለኝ። ሰውየው ጨዋ ነው። እኔም ብሆን ወንድም እያለኝ ሌላ ጋ አልሄድም ነበር።

ያን ሰሞን አሮጊቷ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች። ነዳጅ ስረግጥ በመነሳት ፈንታ ጉልበት አጥታ ትዋጣለች፣ በካርቡሬተሯ በኩል ጧ ብላ ታስላለች፣ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ድንገት ትፈተለካለች። ዳገት ላይማ አይወራ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ባሳለች ቁጥር በአንድ ድምፅ «ይማርሽ» ይሏታል።

ወንድሜ ጋ ወሰድኳት። ካንዴላዎቹን ፈትቶ ሲያያቸው እንደ ጠመኔ ነጥተዋል። «ቀጥኖባታል» አለ። ልክ ነበር፣ እሱን አልክድም። ቤንዚኑ ሲበዛ ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፤ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ሲቀጥን ደግሞ ይነጣል፣ ሞተሩም ይርበዋል፣ ይግላል፣ ያስላል። በሽታውን አወቀ። መንስኤውን ግን ቤንዚኑ ላይ ፈለገ። ማጣሪያውን አጠበ፣ ፓምፑን ፈተሸ፣ ካርቡሬተሯን አውርዶ ቀዳዳዎቿን በሙሉ ነፋ። መልሶ አሰራት፣ አስነሳት፣ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ጸጥ ብላለች፣ ውሰጂ አለኝ።

ወሰድኳት። በማግስቱ እዚያው ናት። መለስኩለት፤ ደግሞ አወረዳት፣ የቤንዚን ማሳለፊያዋን አሰፋ፣ ከበፊቱ አጥብቆ አሰራት፣ ጎንበስ አለ፣ ጸጥ ብላለች። አሁን ደግሞ ቤንዚኑን እንደ ውሃ ትጠጣለች፣ ሳሉም አልለቀቃት። ባወረዳት ቁጥር እየባሰባት ሄደ። ስልክ ስደውልለት አያነሳም፤ ስልቹ ሆኗል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ጀምሯል ብዬ ተቀየምኩት።

በዚህ መሃል አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጧት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቾክ እስባለሁ፤ ቾክ ማለት የአየሩን መግቢያ በከፊል የምትዘጋ ክዳን ናት። ቾኳ ተስባ ሳለች አሮጊቷ ደህና ናት፤ ስመልሳት ሳሉ ይነሳባታል። መካኒክ አይደለሁም፣ ግን አባባ የኔም አባት ነው። አየር ሲዘጋባት የሚሻላት ከሆነ፣ ማንም ያልጠራው አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው ማለት ነው። ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት፣ በየት በኩል እንደሚገባ ፈልግልኝ ብዬ። ወንድሜ ምን አለ? በአፍንጫዋ ይሆናል አለና ደንበኞቹ ፊት ሳቀ። እነሱም ሳቁለት። ከዚያ እጁን እየጠረገ፣ ሊመክረኝ እንደፈለገ ሁሉ ድምፁን አለስልሶ፣ እንዲህ አለኝ፦

«መኪናዋ ምንም የላትም። እግርሽ ነው።»

እግርሽ ነው። ስንት ዓመት ስነዳ አንድ ሰው ሳልነካ የኖርኩበት እግሬ። ሴት ስትነዳ ወይ ትረግጣለች ወይ ትለቃለች፣ መሃሉን አታውቀውም እያለ ለደንበኞቹ ሲያብራራ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ታላቅ ወንድም ሲሆን ግን ቁጣው ይዋጣል፣ ተውጦም አርፎ አይቀመጥም። ያን ቀን ድስት ሳጥብ እጀታውን ነቀልኩት።

ከዚያ የመስቀለኛው ነገር መጣ። ከሰፈራችን ወጥተን ዋናውን መንገድ የምንሻገርበት ቦታ ላይ የትራፊክ መብራት የለም፤ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ክፍት ሲገኝ ዘው ማለት ነው። ልጆቹን ሞልቼ ቆሜያለሁ። አንድ የጭነት መኪና ይመጣል፣ ግን ሩቅ ነው፣ ይበቃኛል ብዬ ረገጥኩ። አሮጊቷ መሃል መንገድ ላይ ተዋጠች። ረገጥኩ፤ አሳለች። ደግሜ ረገጥኩ፤ አሳለች። የጭነት መኪናው ጥሩምባውን ለቆታል። ሾፌሩ መሪውን ጠምዝዞ በኋላችን በኩል ለጥቂት አለፈን፤ ነፋሱ መኪናችንን ሲንጣት ተሰማኝ። እጄ ሳላዘው ቾኳን ስቦ ኖሯል፣ አሮጊቷ ተነሳች። ያን ጊዜ «ይማርሽ» ያለ ልጅ አልነበረም። አንዷ ብቻ ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ፣ ልንሞት ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ አልኳት። ዋሸኋት።

ልጅ ደግሞ አፉ አይታሰርም፣ እቤታቸው ሲገቡ ሁሉም አወሩ። ወላጆቹ በአንዷ እናት፣ በፋርማሲስቷ፣ መልእክት ላኩብኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። አንቺን ጠልተን አይደለም፣ ግን መኪናዋ እስከ ሰኞ ካልዳነች ልጆቹን ለሌላ ሰርቪስ እንሰጣለን አለችኝ። ምን ልበላት? እኔም እናት ነኝ፤ በሷ ቦታ ብሆን እስከ ሰኞም አልታገሥም ነበር። ከዚህ ሌላ ሥራ የለኝም፣ እሱ አንድ ነገር ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ግን የኋላ ወንበሯ ልጅ ጥያቄ ነው። ሁለተኛ እንዲያ ብላ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ጋራዡ ገባሁ። ሰላምም አላልኩም። ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ ኮፈኑን ራሴ ከፈትኩት። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሁልጊዜ ጆሮ የሚበጥሰው ኮምፕረሰር ዝም ብሏል፣ የብየዳውም ጩኸት የለም። ያን ጋራዥ እንዲያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ወንድሜ ሌላ መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። እኔም የምለውን በልቤ እየደረደርኩ ሞተሩ ላይ አጎነበስኩ።

ያኔ ሰማሁት። ስስስስ። ከካርቡሬተሯ ሥር፣ ከኋላ በኩል። ቀጭን ናት፣ ግን አንዴ ከሰሟት አትለቅም። አባባ ቱቦ ነቅሎ ሲያስደምጠው የነበረው ያው ድምፅ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን መሰላችሁ? እያወቀ ዝም ያለኝ መሰለኝ። ሰምቶ፣ ታክቶት፣ ለእህት ነው ምናባቷ ብሎ የተወው። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ሁልጊዜ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው፤ ያን ቀን አንተ ብዬ ጠራሁት። ከመኪናው ሥር ወጣ። «ስማ» አልኩት። ጎንበስ አለ፤ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ ያቺ የማውቃት ፊቱ መጣች። ቀና አለ።

«ጸጥ ብላለች» አለኝ።

ድምፁ በመሃላችን እያፏጨ። ደግመህ ስማ አልኩት፤ ደግሞ ሰማ፣ ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። ታሽጓል አለኝ፣ ትዕግሥቱ እያለቀ። ቦታውን በጣቴ ነክቼ አሳየሁት። እሱ ጣቴን ትቶ ፊቴን አየኝ፤ ያበድኩ ሳልመስለው አልቀረሁም። ባለኮምፒውተሩ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ትሰማለህ አይደል ልለው ዞር ስል ዓይኑን ሻዩ ውስጥ ጣለ። አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። የወንድሜ ሚስት ከቢሮ ወጥታ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

ቢሮ የምንለው የዕቃ ክፍል ነው፤ ቀበቶና ፊልትሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በሩን ገጠም አድርጋ ነገረችኝ። ወንድሜ ቀጭን ድምፅ አይሰማም። ሰው ሲያወራ ይሰማል፣ የሞተር ጉርምርምታ ይሰማል፣ ብረት ሲመታ ይሰማል። ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ አይሰማም፣ ስልክ ሲጠራ አይሰማም፣ የልጅ ልጁ በቀጭን ድምጿ ስትጠራው አይሰማም፤ ልጅቷ አሁን እጁን ሳትጎትት አታናግረውም። ከጀመረው ቆይቷል። እሱ ራሱ አያውቅም፤ ወይ ያውቅና ለራሱ አልነገረውም።

እሷ በየቀኑ ጋራዥ የምትመጣው ምሳ ለማቀበል ይመስለኝ ነበር። ለካ ካርቡሬተር በታሰረ ቁጥር መኪናውን የምትወለውል መስላ ተጠግታ የምታዳምጥለት እሷ ናት። ካፏጨ፣ እስቲ ድገማት፣ እኔ አልወደድኳትም ትለዋለች። እሱም ሴት ምን ታውቃለች እያለ፣ እየሳቀባት ይፈታል። የኔዋ አሮጊት በታከመችበት ሰሞን ግን ልጃቸው ስለወለደች ሚስቱ ልታርሳት ልጅቷ ቤት ሰንብታ ነበር። ስለዚህ አሮጊቷን ያዳመጣት ሰው የለም። ጸጥ ብላለች ያለኝ ጊዜ ሁሉ እውነቱን ነው፣ ለሱ ሁሉም ሞተር ጸጥ ብሏል። ባለኮምፒውተሩ ያውቃል። ተመላልሰው የሰለቻቸው ደንበኞች ጠርጥረዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኛ ቤት ለእህትም ባዳ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ድምፄ ከፍ የሚለው። የዚያ የጭነት መኪና ነፋስ ገና ከሰውነቴ አልወጣም፤ እነሱ ተስማምተው፣ ተዛዝነው፣ ተሸፋፍነው ይኖራሉ። በመጨረሻ የሚወቀሰው የኔ እግር።

«የምጭነው ድንች አይደለም፣ እትዬ» አልኳት። «የሰው ልጅ ነው። አንቺ የሱን ስም ስታስታምሚ እኔ ልጆቹን ይዤ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ነበር።»

አለቀሰች። እንባዋ ጭራሽ አናደደኝ፤ በእንባ የሚታሸግ ነገር የለም።

«ጆሮ ነው እኮ የሚሉት» አለችኝ። «ጆሮውን ከወሰድሽበት ምን ይቀረዋል?»

ከዚያ መለመን ጀመረች። ለኔ ተዪው፣ እንደ ሌላው ጊዜ አልወደድኳትም እለዋለሁ፣ ይፈታታል፣ ማሸጊያውን ይቀይራል፣ ሰኞ ልጆችሽን ትጭኛለሽ፣ እሱም ሳያውቅ ያልፋል። ያበገነኝ ደግሞ ሐሳቧ የሚሠራ መሆኑ ነው። የኔ ችግር እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ያልመጣችበት ቀን የሚታሰረው መኪናስ? በዚያኛው የሚሳፈሩትስ የማን ልጆች ናቸው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሁላችንም ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለናል። እምቢ ብያት ወጣሁ።

ወጣሁ፣ ግን ምን ብዬ ልንገረው? እንዲያ ተናድጄ እንኳ አፌ አልታዘዘኝም። የውሃ ጠርሙሴን ከመኪናዬ አወጣሁና ክዳኑን በሚስማር በሳሁት። ሞተሩ እየሠራ ነው። የወንድሜን እጅ ያዝኩ። ታላቄ ነው፣ ከልጅነታችን ወዲህ እጁን ይዤው አላውቅም። መዳፉን ከፊት ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ አስቀምጬ፣ እዚህ ይቆይ አልኩት።

ውሃውን በካርቡሬተሯ ሥር ዙሪያውን አንጠባጠብኩ። በፊት በኩል ምንም የለም፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። በጎንም ምንም የለም። ከኋላ በኩል ስደርስ ግን ውሃው መፍሰሱን ትቶ ወደ ውስጥ ተሳበ። ፉጨቱ ተቋረጠ፣ የመኪናዋም መንቀጥቀጥ ለአፍታ ረገበ። ውሃው ሲያልቅ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ወንድሜ ውሃው የገባበትን አየ፣ ቀጥሎ መዳፉን አየ። ጠርሙሱን ተቀበለኝና ራሱ አንጠባጠበ። ረገበች። ቆየ፤ ተንቀጠቀጠች። ደግሞ አንጠባጠበ፣ ደግሞ ረገበች። ከዚያ ሄዶ ሞተሩን አጠፋው።

«ሲያፏጭ ነበር?» አለኝ።

«ሲያፏጭ ነበር።»

«ይሰማሽ ነበር?»

«በሩ ላይ ለቆመውም ይሰማው ነበር» አልኩት። ጭካኔ ነው ካላችሁ ጭካኔ ነው።

ወደ ሚስቱ ዞረ። የመወልወያ ጨርቋ በእጇ ነበር፣ ጨርቁን አየው። አልወደድኳትም እያለች ያስፈታችውን መኪና ሁሉ ያን ጊዜ ያስታወሰ ይመስለኛል። ከዚያ ፈነዳ። ቅባት የሚጠራቀምበትን ባልዲ በእርግጫ ብሎት እስከ ግድግዳው ድረስ ተንከባለለ። ባለኮምፒውተሩን፣ ቴአትር ቤት መሰለህ ወይ ብሎ አባረረው። ሚስቱን፣ እኔ ሕፃን ነኝ ወይ ብሎ ጮኸባት። በኔም ላይ ጮኸ፤ ጋራዤን ልታዘጊብኝ ነው አለኝ፣ ባልዲውን የደፋሁት እኔ ይመስል። ጮኽኩበት። አየሩ በአፍንጫዋ ይገባል ያልከኝስ፣ እግርሽ ነው ያልከኝስ፣ ያ የጭነት መኪና ቢበላን ለእነዚያ እናቶች የምትሄደው ምን ልትል ነበር አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መስቀለኛው የሰማው ያን ጊዜ ነው። ሄዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና መሬቱን ያይ ጀመር።

ከጎማው ላይ ተነስቶ የሄደው ወደ አሮጊቷ ነው። ካርቡሬተሯን አወረዳት። ማሸጊያዋ ተጠፍጥፋ ደርቃለች፣ በኋላዋ በኩል ፀጉር የምታህል መንገድ ተበልቶባታል። ወደ ብርሃን አንስቶ አያት፤ በዓይኑ ሲያይ ለካ ይታያል። አዲስ ወረቀት አንጥፎ፣ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ እየኮረኮመ፣ አዲስ ማሸጊያ ቆረጠ።

ሰኞስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሰኞ ልጆቹን አደረስኳቸው። ፋርማሲስቷ በዓይኗ ልታረጋግጥ አጠገቤ ተቀምጣ፣ መስቀለኛው ላይ አሮጊቷ አንዴም ሳትዋጥ ተሻገረች፤ የኋላ ወንበሯ ልጅ ከጎኗ ካለችው ጋር ስለ ሌላ ነገር እየተጨቃጨቀች ነበር። ስለ እግሬ ደግሞ ወንድሜ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እየጠበቅኩ ነው። ስለዚህ ሰኞን ተዉትና ቅዳሜን ልጨርስላችሁ።

አሰራት፣ አስነሳት። እንደ ልማዱ ጎንበስ ሊል ሲል መሃል ላይ ቆመ። ወገቡ ግማሽ ታጥፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ቆመ?» አለኝ።

ሞተር አስነስቶ ሰው ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። አጎነበስኩ። ሚስቱ ከጀርባው ሆና ታየኛለች። ዓይኗ የሚለው ግልጽ ነው፤ ቆመ በይው፣ ለዛሬ ብቻ ቆመ በይው። እኔም ቆመ ማለት እፈልግ ነበር። ቁጣዬን ስፈልገው አጣሁት፤ ጧት ይዤው የመጣሁት ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። አሮጊቷ ተሽሏታል፣ መንቀጥቀጧም ቀንሷል። ግን ከታች፣ ከግራ በኩል፣ ያቺ ነገር አሁንም አለች። ወንድሜ ጸጥ ያለለትን ሞተር እያጠበቀ እያጠበቀ የካርቡሬተሯን መቀመጫ አጉብጦት ኖሯል። ኋላ ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፎ፣ ፍቆ አስተካከለው። ያኔ ግን እኔ የማውቀው መስማቴን ብቻ ነበር።

«አልቆመም» አልኩት። «ፍታው፣ ወንድም ጋሼ።»

ሚስቱ ፊቷን አዞረች። እሱ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። ጋራዡ ለሁላችንም እኩል ጸጥ አለ። መፍቻውን አነሳና አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«በየት በኩል ነው?» አለኝ።

በጣቴ ጠቆምኩለት። ጣቴን አየና በዚያ በኩል ያለውን ብሎን መፍታት ጀመረ።